መብራት ያልጠፋበት ሳምንት

ኤቢሴ ስክሪኑን በሹራቧ እጅጌ ጠረገችው። አቧራው ለቀቀ፤ ጉብታው ግን እዚያው ነበር። ሥዕሉን ዘግታ እንደገና ከፈተችው። ያው ነው። እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ መቆም የነበረበት መስመር ግራና ቀኝ ተዘርግቶ፣ ሆዱን አስፍቶ ተቀምጧል።

"ምን ሆነህ ነው?" አለችው፣ ሰው ይመስል።

ቡራዩ ላይ ከነጋ ቆይቷል። ከግቢው ውጭ የሚኒባስ ረዳቶች የአስኮ ተሳፋሪ ይጠራሉ። ኤቢሴ ግን ከአልጋዋ ወርዳ ቀጥታ ኮምፒውተሩ ፊት እንደተቀመጠች ናት፣ ፊቷን እንኳ አልታጠበችም። የዶክትሬት ጽሑፏን ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ለትምህርት ክፍሉ ማስገባት አለባት። ማራዘሚያ ሁለት ጊዜ ተሰጥቷት ጨርሳዋለች፤ ሦስተኛ የሚባል የለም። ዛሬ ካላስገባች ስሟ ከተማሪነት ይሰረዛል፣ የመምህርነት ቦታዋም አብሮ ይሄዳል። ጽሑፉ ተጠርዞ፣ ሽፋን ለብሶ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተቀምጧል። የቀረው የአማካሪዋ ፊርማ ብቻ ነው።

የኤቢሴ ሥራ ለሰው ለማስረዳት አይመችም። ከፀጉር ውፍረት በሺህ እጥፍ የምታንስ የማግኔት ጠብታ አለች እንበል። ኤሌክትሪክ ሲያልፍባት በውስጧ ያለው ማግኔት እንደ እንዝርት ይሾራል፤ ሲሾርም እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ሞገድ ይሰጣል። ሙቀት የሚባል ነገር ባይኖር ኖሮ ሁሉም መልካም ነበር። ሙቀቱ ይነቀንቃታል። አንዴ ትፈጥናለች፣ አንዴ ትዘገያለች፣ ጣቢያዋ አንድ ቦታ አይረጋም። የሚጠቅም ነገር እንዲሠራባት ከተፈለገ መርጋት አለባት። የኤቢሴ ሐሳብ ሁለት ጠብታዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ እርስ በርስ እንዲጠባበቁ ማድረግ ነበር። ሱሉልታ ላይ በእርሻ የሚኖሩት አባቷ ኦቦ ቦጂያ ነገሩ የገባቸው ባንድ ዓረፍተ ነገር ነው። "በሬ ሲጠመድ አንዱ ሲያፈነግጥ ሌላው ይመልሰው የለ?" ስትላቸው፣ "ታዲያ ይኼን ለማወቅ ይኼን ያህል ዓመት ምን ያስፈልጋል?" ብለዋት ነበር።

ጠብታዎቹን በእጇ ስለማትሠራቸው የምትሠራቸው በኮምፒውተር ነው፤ ፕሮግራም ጽፋ፣ ኮምፒውተሩ ቀንና ሌሊት እያሰላ። ችግሩም ከዚሁ ጀመረ። ቤቷ ከወንዲ ብየዳ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ወንዲ ማሽኑን በነካ ቁጥር የሰፈሩ መብራት ይደክማል፣ የኤቢሴ ኮምፒውተርም ይጠፋል። ወንዲ ሲያርፍ ደግሞ መብራቱ በገዛ ፈቃዱ ይሄዳል። የሳምንት ስሌት ሊያልቅ ግማሽ ቀን ሲቀረው እየተቋረጠ ስንት ጊዜ አልቅሳለች። አንድ ቀን አልቻለችም፤ በፒጃማዋ ወጥታ ጮኸችበት። ወንዲ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ፣ "አንቺ ኮምፒውተር ውስጥ ማግኔት ታሾሪያለሽ፤ እኔ የሰው በር እሠራለሁ። ማናችን እናቁም?" አላት። ተመልሳ ገባች።

ከዚያ በኋላ ነው ቆራጩን ፕሮግራም የጻፈችው። ጥቂት ያሰላል፣ የደረሰበትን ያስቀምጣል፣ ይዘጋል፣ ተነስቶ ካቆመበት ይቀጥላል። መብራት ቢጠፋ የምትጠፋው የመጨረሻዋ ቁራጭ ብቻ ናት። እውነቱን ለመናገር ከፊዚክሱ ይልቅ በዚህ ትኮራ ነበር። ደግሞም የአራተኛው ምዕራፍ ውጤት የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ሁለቱን ጠብታዎች ጎን ለጎን ስታደርግ የሥዕሉ መስመር እንደ መርፌ ቀጠነ፣ ማለትም ሞገዳቸው ረጋ፤ የጽሑፉ ዋና ነገርም ይኸው ሆነ።

ባለፈው ሳምንት የወንዲ እናት አረፉ። መንገዱ ላይ ድንኳን ተጣለ፣ ብየዳ ቤቱ ተዘጋ፣ መብራቱም ሐዘን የገባው ይመስል ሳይጠፋ ሰነበተ። ኤቢሴ በጎረቤት ወግ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠች፣ ንፍሮ ቆረጠመች፣ ከሴቶቹ ጋር አለቀሰች። ጆሮዋ ግን ቤቷ ነበር። ዝምታው ደስ ብሏት ነበር፤ ደስ ስላላትም አፍራለች። እዚያው ተቀምጣ ሳለች አንድ ሐሳብ መጣላት። ሥራውን ሳትቆራርጥ፣ ባንድ ትንፋሽ ብታሠራውስ? ጽሑፏን ፈታኞች ፊት ለምትከላከልበት ለዲፌንሱ ቀን የሚሆን አንድ ንጹሕ ሥዕል ፈልጋ ነበር። ቤት ገብታ አስጀመረችው፤ ኮምፒውተሩም ዛሬ ጠዋት ጨረሰና ይኼን ጉብታ አቀረበላት።

መጀመሪያ በኮምፒውተሩ ሙቀት አሳበበች። ቀጥላ የመብራቱ ኃይል ከፍና ዝቅ ብሎ ይሆናል አለች። ከዚያ በወንዲ፣ እሱ የሌለበትን ነገር። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ ነው። ጥፋተኛ ስታጣ ሁለቱን ፕሮግራሞች አስተያይታ መስመር በመስመር ማንበብ ጀመረች፤ አንዲት አጭር መስመር ላይ ስትደርስም እጇ ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ እውነተኛ ሙቀት የለም፤ ዕጣ ነው ያለው። ፕሮግራሙ ዕጣ እያወጣ ጠብታዋን አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ይገፋታል። ዕጣው ከአንድ መነሻ ቁጥር ይጀምራል፤ መነሻው ያው ከሆነ የሚወጣው ዕጣም ያው ነው። ቆራጩ ፕሮግራም ተዘግቶ በተነሳ ቁጥር ማግኔቱን ካቆመበት ይቀጥላል፣ ዕጣውን ግን ሁልጊዜ እንደ አዲስ ከሰባት ይጀምራል። ሰባትን የጻፈችው ራሷ ናት፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ለሙከራ ብላ፣ መብራት ሳይሄድባት ለመጨረስ እየተጣደፈች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

እንግዲህ ጠብታዎቿ በየቁራጩ አንድ ዓይነት ሙቀት፣ አንድ ዓይነት ግፊያ ነው ያገኛቸው። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መንገዳገድ የሚንገዳገድ ሰካራም ሰዓቱን ጠብቆ ቤቱ ይገባል፤ ከሩቅ ለሚያየው ጨዋ ሰው ይመስላል። ጠብታዎቹ እርስ በርስ አልተጠባበቁም። የረጉ ያስመሰላቸው የራሷ ፕሮግራም ነው። ለማረጋገጥ መነሻው በየጊዜው እንዲለዋወጥ አድርጋ አጠር ያለ ሙከራ ሠራች። ከቀትር በኋላ ጉብታው ተመልሶ መጣ፤ ሁለት ጠብታ ሆኑ አንድ፣ ለውጥ የለውም።

ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው፤ እጇን አመማት። ተናዳለች። በማን እንደተናደደች ግን አታውቅም፤ የባሰ ያናደዳትም ይኸው ነው። ፊቷን ታጥባ፣ ጽሑፉን በፌስታል ጠቅልላ ወጣች።

ወንዲ ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ፣ ጢሙን ሳይላጭ በሩ ላይ ቆሟል።

"ኤቢሴ፣ እንዴት ዋልሽ? ዛሬ ትንሽ ልሠራ ነው፤ ቃል የገባሁለት ሰው በር ቆይቶብኛል። ማሽኑን ሳልነካ ልንገርሽ ብዬ ነው፣ ኮምፒውተርሽን አጥፊ።"

እስከ ዛሬ ነግሯት አያውቅም።

"አጥፍቼዋለሁ፣ ወንዲ። ልወጣ ነው።"

"ለቅሶው ላይ ስለተቀመጥሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ከእንግዲህ ሰዓቱን ተነጋግረን ነው የምንሠራው። እማዬም ሁልጊዜ 'ልጅቷን አታሰቃያት' ትለኝ ነበር።"

"እግዜር ያጽናህ" አለችውና እግሯን አፈጠነች። እንደ ወትሮው ቢያመናጭቃት በወደደች ነበር። ቢያንስ የምትጮህበት ሰው ታገኝ ነበር።

ሚኒባሱ አስኮ ለመድረስ ዕድሜዋን ፈጀው። መንገዱ ተቆፍሯል፤ መኪናው አንድ ጉድጓድ አልፎ ሌላው ፊት ይቆማል። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ፌስታሉን አይተው፣ "የሠርግ አልበም ነው ልጄ?" ብለው ጠየቋት። "አይደለም እማማ፣ የትምህርት ነው" አለቻቸው። "እሱም ጥሩ ነው" አሉ ሴትዮዋ፣ ለማጽናናት ዓይነት። በሌላ ቀን ቢሆን ያስቃት ነበር።

የፕሮፌሰር በሪሁን ቢሮ በካርቶን ተሞልቷል። ሰኔ ላይ ጡረታ ይወጣሉ፤ መጻሕፍታቸውን ጥቂት በጥቂት እየጫኑ ነው። ኤቢሴን ሲያዩ ከካርቶኖቹ መሐል ቀና አሉ።

"መጣሽ? ነይ ነይ፣ ብዕሬን ይዤ እየጠበቅሁሽ ነው።"

"ፕሮፌሰር፣ አራተኛው ምዕራፍ ስሕተት አለበት።"

"ፊደል ነው?"

"ፊደል አይደለም። ውጤቱ ነው።"

ሳቁ። "በማስገቢያው ቀን እንዲህ ያላለኝ ተማሪ የለም። እኔም ብዬ ነበር። ተቀመጪ። ይልቅ ዜናውን አልሰማሽም፤ ሮዳስ ትናንት አገኘችው። ያንቺው ውጤት ቁልጭ ብሎ ወጣላት።"

ሮዳስ ኤቢሴ የምታግዛት የማስተርስ ተማሪ ናት። ሥራዋ የኤቢሴን ውጤት ደግሞ ማሳየትና ከዚያ በሦስት ጠብታ መቀጠል ነበር። ጄኔሬተር ባለበት፣ መብራት በማይጠፋበት የዩኒቨርሲቲው ክፍል ውስጥ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምራ ትሠራለች። በየወሩ ጉብታ ይዛ ትመጣለች፤ ኤቢሴና ፕሮፌሰሩም በየወሩ "ተሳስተሻል፣ ድገሚው" እያሉ ይመልሷታል። ባለፈው ሳምንት ኤቢሴ ሰልችቷት የራሷን ፕሮግራም ላከችላት።

"በኔ ፕሮግራም ነው ያገኘችው?"

"ባንቺው ነው። ምን አለበት?"

"እንግዲያው የተደገመው ስሕተቴ ነው፣ ፕሮፌሰር።"

ነገረቻቸው። ፕሮፌሰር በሪሁን ነገር ቶሎ የሚገባቸው ሰው ናቸው፤ ጨርሳ ሳትነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ማሸት ጀመሩ።

"ሰባት" አሉ።

"ሰባት።"

"በየቁራጩ?"

"በየቁራጩ።"

ተነስተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ከታች ተማሪዎች ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ግን እነሱን አያይም ነበር። ሲመለሱ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

"አስገቢው። እስከ ዲፌንሱ ሁለት ወር አለሽ፤ እናርመዋለን።"

"ምኑን እናርመው? ምዕራፉ ራሱ እኮ ነው የሌለው።"

"ሐሳቡ አልሞተም። የጠብታዎቹን ርቀት ብትቀንሽ፣ አቀማመጣቸውን ብትለውጪ ይረጉ ይሆናል።"

"ይረጉ ይሆናል። አላውቅም። ጽሑፉ ግን አውቃለሁ ነው የሚለው።"

"ሳይቸግርሽ ጤፍ ብድር ገባሽ። ፈታኙ ያንቺን ኮድ አይከፍትም፣ ኤቢሴ። ማንም አይከፍተውም።"

"ሮዳስ ከፍታዋለች።"

ፕሮፌሰሩ ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። "ስሚኝ" አሉ። "እኔ ሰኔ ላይ ሄጃለሁ። በዚህ ርዕስ ከኔ ሌላ በዚህ ሕንፃ ውስጥ ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ዶክትሬቱን ካልያዝሽ ክፍሉን ለሌላ ይሰጡታል፣ ኮምፒውተሮቹም አብረው ይሄዳሉ። ሮዳስን ማን ያማክራታል? ከሷ በኋላ የሚመጡትንስ? ላንቺ ማራዘሚያ ብዬ ጉባኤው ፊት ሁለት ጊዜ ቆሜያለሁ፤ በሁለተኛው ላይ የተሳቀብኝን ሳቅ አልረሳውም። ሦስተኛ የምቆምበት ፊት የለኝም።"

"አውቃለሁ።"

"እኔን ብትሆኚ ምን ትያለሽ?"

የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው፤ እውነት መሆኑ ግን ያናድዳል። ፕሮፌሰሩ ፌስታሉን ራሳቸው ፈቱ፣ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጡ፣ ፈረሙ። ሽፋኑን በመዳፋቸው አስተካክለው ወደ እሷ ገፉት።

"የኔን ጨርሻለሁ። ማስገባት አለማስገባቱ ያንቺ ነው።"

አመስግና ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ ነው ምን እንዳደረጉ የገባት። አልከለከሏትም፣ አላዘዟትም፤ ሸክሙን አንስተው እሷ ላይ ጫኑት። "አታስገቢ" ቢሏት ታለቅስ ነበር፣ "አስገቢ፣ ኃላፊነቱ የኔ ነው" ቢሏት ደግሞ ማታ እንቅልፍ ባይወስዳትም ታስገባው ነበር። አሁን ግን ሁለቱንም ማድረግ አልቻለችም።

ስልኳ ጮኸ። አባቷ ናቸው።

"አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ? ደኅና ነሽ ልጄ?"

"ነጋ፣ ደኅና ነኝ አባ። እንዴት ነዎት?"

"ኤዬ፣ ነጋ። ዛሬ ነው የምታስገቢው ብለሽኝ አልነበር? ቀኑን ንገሪኝ ብዬ ነው፤ ሽማግሎቹ ይጠይቁኛል።"

"የምርቃቱን?"

"እና የምን? ለምርቃትሽ የማርደውን በሬ ከቀንበር ካወጣሁት ሁለት ወር ሆነው፣ ድርቆሽ ብቻ እየበላ ሰባልሽ። ዝናቡ ጣል ጣል ሲል ጎረቤታችን ጂሬኛ መጥቶ 'ኦቦ ቦጂያ፣ ቆሞ ከሚበላ ለእርሻ አውሱኝ' አለኝ። እሱ ከእንግዲህ አያርስም፣ የልጄ ነው አልኩት። እኔ ራሴ በሰው በሬ ነው ዘንድሮ የምጠምደው።"

ኤቢሴ ግድግዳውን ተደገፈች። የዘንድሮውን እርሻ በልመና በሬ እያረሱ መሆኑን ዛሬ ነው የሰማችው።

"አባ፣ ማታ ልደውልልዎ?"

"ለምን ማታ? ዛሬ አይደለም እንዴ?"

"ዛሬ ነው። ማታ በደንብ እነግርዎታለሁ።"

"ቶሌ፣ እሺ። ድምፅሽ ደክሟል። በልተሻል?"

"በልቻለሁ" አለች። አልበላችም ነበር።

የትምህርት ክፍሉ ጽሕፈት ቤት ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው። በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ሮዳስ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ኤቢሴን ስታይ ፊቷ በራ።

"እዚህ ጠብቄ እንደማገኝሽ አውቄ ነበር። ነይ፣ ነይ እይው።"

ኤቢሴ አጠገቧ ተቀመጠች። ስክሪኑ ላይ መስመሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ መርፌ ነው።

"ባንቺ ፕሮግራም በመጀመሪያው ሙከራ ነው የወጣልኝ" አለች ሮዳስ። "ያን ሁሉ ጊዜ ችግሩ እኔው ነበርኩ። ምኑ ላይ እንደምሳሳት ግን እስካሁን አልገባኝም። ብቻ ይቅርታ፣ አንቺንም ፕሮፌሰሩንም አደከምኳችሁ።"

"የድሮዎቹስ?"

"የትኞቹ?"

"ጉብታ ያላቸው።"

"ዛሬ ጠዋት ደመሰስኳቸው። ማየት አስጠላኝ፤ ኮምፒውተሩንም ሞልተውት ነበር። ካንቺ ምን እደብቃለሁ፣ ላቋርጥ ነበር እኮ። ለእናቴ ነግሬያት ነበር። ፊዚክስ የሚገባኝ መስሎኝ ነው እንጂ አይገባኝም አልኳት። ትናንት ደውዬ ገባኝ ስላት አለቀሰች።"

"እንኳን ደስ ያለሽ" የሚለው ቃል ኤቢሴ ምላስ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ቀላል ነው፤ ብላው ተነስታ፣ ጽሑፉን አስገብታ፣ አባቷ ጋ መደወል ትችላለች። ሮዳስም ትመረቃለች። ሦስት ጠብታ ታደርጋለች፣ ሦስቱም በሰባት ይረጋሉ። ከሮዳስ በኋላ የሚመጣው ልጅ አራት ያደርጋል። ያ ልጅ አንድ ቀን ጉብታ ይዞ ቢመጣ "ተሳስተሃል፣ ድገመው" የምትለው ዶክተር ኤቢሴ ናት።

"የድሮዎቹ ልክ ነበሩ" አለች።

ሮዳስ ፈገግታዋን ሳትሰበስብ አየቻት። "እ?"

"የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ያንቺ ልክ ነበር፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ። ይኼ ነው ውሸቱ።"

ሮዳስ ወደ ስክሪኑ ዞረች። ፕሮግራሙን ከፈተች። ወደ ታች ወረደች፣ ወደ ላይ ወጣች፣ አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ።

"ሰባቷ ናት?"

ኤቢሴ ደነገጠች። "እንዴት አወቅሽ?"

"በቴሌግራም ጠይቄሽ ነበር እኮ። 'ይቺ ሰባት ለምንድን ነው የማትቀየረው?' አልኩሽ። 'አትንኪያት፣ ይሠራል' ብለሽ መለስሽልኝ።"

ኤቢሴ ትዝ አላት። ድንኳኑ ውስጥ ነበረች፤ ስልኩን ነጠላዋ ሥር ደብቃ፣ ጥያቄውን በወጉ ሳታነብ፣ በአንድ እጇ ነው የጻፈችው።

"ሮዳስ፣ ይቅ—"

"ተይው።" ሮዳስ ላፕቶፑን ከደነችው። "ይቅርታ አትበይኝ፣ ምን ያደርግልኛል? በየወሩ እኮ ነው የመለሳችሁኝ። በየወሩ። እዚህ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው ሳለቅስ የምውለው። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ 'እስቲ የኔንም ልየው' አላልሽም።"

"አላልኩም።"

"ለምን?"

"የኔ ቆንጆ ነበር" አለች ኤቢሴ። ሌላ ምክንያት ፈልጋ አጣች።

ሮዳስ ወደ ሌላ ወገን ዞረች። ኤቢሴ እጇን ልትዘረጋ አስባ ተወችው፤ ማን ሆና ነው የምታባብላት? ሮዳስ እንደዞረች ጠየቀች።

"ጽሑፍሽ ተፈርሟል?"

"ተፈርሟል።"

"እና አሁን ልታስገቢው ነው?"

የጽሕፈት ቤቱ በር ተከፈተ። ጸሐፊዋ ዕድላዊት ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንግታ፣ ቁልፉን ይዛ ብቅ አለች። ሁለቱን አየቻቸው፣ ኤቢሴ ጭን ላይ ያለውንም ጽሑፍ አየች።

"አንቺን ብዬ ነው እስካሁን ያመሸሁት" አለች። "ሰርቪሱ ሊያመልጠኝ ነው። በይ ነይ ግቢ፣ ማህተሙን አልቆለፍኩበትም።"

ኤቢሴ ጽሑፉን አገላበጠችው። ከባድ ነው። ሮዳስ አልዞረችም።

"ዝጊው፣ ዕድል" አለች ኤቢሴ።

ዕድላዊት ቁልፉን እንደያዘች ቆመች። "ኤቢሴ፣ ዛሬ እኮ መጨረሻው ነው። ነገ ብትመጪ ልቀበልሽ አልችልም።"

"አውቃለሁ። ዝጊውና ሂጂ፣ ሰርቪሱ እንዳያመልጥሽ።"

ዕድላዊት ሮዳስን አየቻት፣ የምታግዛት መስሏት። ጸሐፊዋ በሩን ስባ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረችው፤ እጀታውን ሞክራ መቆለፉን አረጋገጠችና ወደ ደረጃው ሄደች።